ተረቴን መልሱልኝ!

ዛሬ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ጉማሬ ለምን ፀጉር እንደሌለው ልንሰማ ነው። እኔና የአምስት ዓመቷ ልጄ ሶፋ ላይ ተጠጋግተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን እየጠበቅን ነው። ጉማሬው አፉን ከፈተ። ማስታወቂያ! የምን ማስታወቂያ በሉኝ። የፀጉር ሻምፖ! እውነቴን ነው። አንዲት ሴትዮ ፀጉሯን እያወዛወዘች ስትስቅ ልጄ ዞር ብላ አየችኝና፣ "አባዬ፣ የጉማሬውን ፀጉር የወሰደችው እሷ ናት?" አለችኝ።

ለማታውቁት፣ የምናየው ቲንጋ ቲንጋ ቴልስ የሚባለውን ካርቱን ነው። እንስሳት ተረት የሚያወሩበት። ዝሆን ኩምቢ ከየት አመጣ? የኤሊ ቅርፊት ለምን ተሰነጣጠቀ? የእባብን እግር ምን በላው? አንዱ ክፍል 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ጥያቄው መጀመሪያ ላይ ይመጣል፣ መልሱ መጨረሻ ላይ። መሃሉ በሙሉ ወደዚያች መጨረሻ የሚወስድ መንገድ ነው። መጨረሻውን ከቆረጡብን የቀረን ምንድነው? እግር የሌለው እባብ። እሱን ደግሞ ያለ ካርቱንም እናውቀዋለን።

ሻምፖው ሲያልቅ ወደ ቦታችን ቢመልሰን እንኳ ምንም አልልም ነበር። ካርቱኑን የምናይበት አፕ ግን የራሱ አመል አለው። አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንዳንዴ ጭራሽ ወደ ሌላ ክፍል ይዘላል። ዛሬ የሌሊት ወፍ ለምን ተዘቅዝቃ እንደምትንጠለጠል ይነግረን ጀመር። የጉማሬው ነገር ሳይቋጭ! ልጄ አለቀሰች። ሪሞቱን ይዤ ወደኋላ ልመልስ ብል ሁለት ማስታወቂያ ተጨመረብኝ። ለቅጣት መሆን አለበት።

ከዚያ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። "አንተ ንገረኛ!" ድሮ ጉማሬ የሚያምር ፀጉር ነበረው፣ እሳት ሲያቃጥለው ሮጦ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ቀረ አልኳት። እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው። "አይደለም!" አለች። መልሱን አታውቀውም። የእኔ አለመሆኑን ግን በደንብ ታውቃለች።

እሺ፣ ቀንቶን መጨረሻው ላይ ደረስን እንበል። የመጨረሻዋ ቃል ከእንስሳው አፍ ሳትወጣ "ቀጣዩ ክፍል በ5 ሰከንድ ውስጥ" የሚል ነገር ይመጣል። ምስሉ ይሸማቀቅና ጥግ ላይ ጥፍር ያህል ይሆናል። የሠሪዎቹን ስም ማንበብ አይታሰብም። እኔን ደግሞ ይሄኛው ነው የበለጠ የሚያበግነኝ። ካርቱኑ እኮ ናይሮቢ ውስጥ በኬንያ ባለሙያዎች እጅ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በቢቢሲ የልጆች ጣቢያ መታየት ጀመረ። ቀለሙን እዩት እስቲ! ስሙም መልኩም የተወሰደው ከታንዛኒያዊው ሰዓሊ ከኤድዋርድ ቲንጋቲንጋ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዳሬሰላም ውስጥ በብስክሌት ቀለም እንስሳትን ይስል ነበር። በ1972 ገና በጎልማሳነቱ ሞተ፣ የአሳሳል ስልቱ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ልጄ የነብሩን ነጠብጣብ እያየች በእርሳስ ትገለብጣለች። እነዚያን ነጠብጣቦች እነማን እንደሳሏቸው ስማቸውን ላሳያት ብል አፑ አይጠብቀኝም። ቸኩሏል። ወዴት እንደሚቸኩል እግዜር ይወቅ።

አንድ ጓደኛዬ "ኢንተርኔት ላይ ሌላ ቦታ ፈልግላት፣ ሰው የጫነው ሞልቷል" አለኝ። ፈለግሁ። ሞልቷል። ባለቤቶቹ እንዳይደርሱበት ምስሉን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጠውታል፣ ድምፁንም አፍጥነውታል። ዝሆኑ እንደ ትንኝ ያወራል። ደግሞ አንዷን ተረት አራት ቦታ ቆራርጠው ይጭኗታል። የምትጠፋው አራተኛዋ ናት። ሁልጊዜ አራተኛዋ!

በጋና አካኖች ተረት፣ ሸረሪቱ አናንሲ የዓለምን ተረት ሁሉ ከሰማዩ አምላክ ከንያሜ ሲገዛ ዘንዶ፣ ነብር፣ ተርብ ሳይቀር ይዞ ማምጣት ነበረበት። ከባድ ዋጋ ነው። ግን ከከፈለ በኋላ ተረቶቹን ተረከበ። መሃል ላይ አስቁሞ "እስከዚያ ስለ ሻምፖ እናውራ" ያለው የለም። የእኛም ተረት ነጋሪ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" የሚለው ሲጨርስ ነው። መጀመሪያ ይጨርሳል፣ ከዚያ ዳቦውን ይጠይቃል። ጉማሬው አፉን እንደከፈተ ዳቦ አምጡ አይልም!

ማስታወቂያ አይኑር አላልኩም። ሠሪዎቹም መብላት አለባቸው። ከተረቱ በፊት አድርጉት፣ ወይም በኋላ። ሁለቱንም አያለሁ። ሻምፖውንም እገዛለሁ፣ ምን ቸገረኝ።

ይህን እየጻፍኩ ከመኝታ ቤት ድምፅ ሰማሁ። ልጄ አልተኛችም። ለአሻንጉሊቷ ተረት እያወራች ነው። "ጦጣዋ ዛፉ ላይ ወጣች። አያ ጅቦ ከታች ቆሞ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ..." ዝም አለች። ጠበቅሁ። አሁንም ዝም። በሩን ገፋ አድርጌ "እሺ፣ ከዚያስ?" አልኳት።

"ቆይ አባዬ፣ ማስታወቂያ ላይ ነን።"