ወንድማማቾቹን ያባረረ ሊግ፤ ለኳስ ወዳዱ ወገኔ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ የሞተ ሊግ ላወራችሁ ነው። ሊጉ የእኛ አይደለም። ጨዋታውም እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካኖቹ ቤዝቦል ነው። ቢሆንም ስሙኝ። የምቆጣው በእነሱ ሳይሆን በእኛ ነው። እነሱማ ካለፉ ሰባ ዓመት ሆናቸው።

ኮተን ስቴትስ ሊግ ይባል ነበር። የሚሲሲፒ፣ የሉዊዚያናና የአርካንሶ ጥጥ አምራች አካባቢዎች ትንንሽ ከተሞች ውድድር ነው። የተጀመረው በ1902 ነው። ስለ አሜሪካ ሳወራ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። ገንዘብ ሲያጥረው ይፈርሳል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ይነሣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተዘግቶ በ1947 እንደገና ተከፈተ። ደረጃው ሲ ነበር፤ ከመጨረሻው አንድ ከፍ ያለ ማለት ነው። ከዚያ ተነሥቶ ትልቁ ሊግ የሚደርሰው ተጫዋች ጥቂት ነው። ለከተማዎቹ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ቴሌቪዥን በየቤቱ ባልገባበት ዘመን የበጋ ምሽት የሚያልፈው ሜዳ ላይ ነው። ባለሱቁ ማስታወቂያውን የሚያስጽፈው የሜዳው አጥር ላይ ነው።

በ1953 ስምንት ክለቦች ነበሩ። ከሚሲሲፒ ጃክሰን፣ ሜሪዲያን፣ ግሪንቪልና ናቼዝ፤ ከሉዊዚያና ሞንሮ፤ ከአርካንሶ ፓይን ብላፍ፣ ኤል ዶራዶና ሆት ስፕሪንግስ። የመጨረሻዋ የፍል ውሃ ከተማ ናት። ክለቧም ቤዘርስ ይባላል፤ ገላ ታጣቢዎቹ እንደማለት።

ሆት ስፕሪንግስ በዚያ ዓመት ሁለት ወንድማማቾች አስፈረመች። ጂም እና ሊያንደር ተገርሰን ይባላሉ። ሁለቱም ኳስ ወርዋሪዎች ናቸው። ቀደም ሲል ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ በተባለው የጥቁሮች ክለብ ተጫውተዋል። እነሱም ጥቁሮች ናቸው። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ልብ በሉ፣ ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በትልቁ ሊግ ለብሩክሊን ክለብ ከተሰለፈ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። የማይታወቅ ነገር አልነበረም ማለቴ ነው። ይሁንና የሚሲሲፒው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ጄ. ፒ. ኮልማን ጥቁርና ነጭ አብሮ መጫወቱ የግዛቱን ፖሊሲ ይጥሳል አለ። ይህ ሰው በኋላ የሚሲሲፒ ገዥ ሆኗል። የሆት ስፕሪንግስ ክለብ ባለቤቶች ለማስታረቅ ሞከሩ። ልጆቹን የምናሰልፈው በራሳችን ሜዳና ፈቃደኛ በሆኑ ከተሞች ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ አናስገባቸውም አሉ። ይህም አልበቃም። በኤፕሪል የሊጉ ሰዎች ተሰበሰቡና ድምፅ ሰጥተው ሆት ስፕሪንግስን ከነክለቧ አባረሩ።

የትንንሽ ሊጎቹ ሁሉ የበላይ ጆርጅ ትራውትማን ውሳኔውን ሻረው። ሆኖም ክለቡ ፈራ። ወንድማማቾቹን በውሰት ቴነሲ ውስጥ ወዳለችው ኖክስቪል ላካቸው፤ ማውንቴን ስቴትስ የሚባል፣ በደረጃም ዝቅ ያለ ሊግ ነው።

ሜይ 20 ላይ ሆት ስፕሪንግስ ጂምን መልሶ ጠራው። የዚያ ምሽት እንግዳ ጃክሰን ነበረች። ከሺህ በላይ ሰው ገብቷል። ጂም ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ላይ ወጣ። ክንዱን አሟሙቆ የመጀመሪያዋን ኳስ ሊወረውር ሲዘጋጅ ዳኛው ጨዋታውን አስቆመ። ከሊጉ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ደርሶታል። ጃክሰን በፎርፌ አሸነፈች ተብሎ ተነገረ። አንዲት ኳስ ሳትወረወር! ያ ሁሉ ለትኬት ከፍሎ የገባ ሰው፣ ያ ክንዱን ያሟሟቀ ሰውዬ፣ በቃ ወደየቤታችሁ ተባሉ።

ትራውትማን ይህንንም ፎርፌ ሻረው። ምን ዋጋ አለው! ጂም ወደ ኖክስቪል ተመለሰ። ሊጉን በ50,000 ዶላር ከሰሰ፤ የፌዴራሉ ዳኛ ክሱን ዘጋበት። እሱ ግን በዚያው ዓመት ለኖክስቪል 29 ጨዋታ አሸነፈ። ቤዝቦል ለማታውቁ፣ በዚያ ዘመንም ቢሆን አንድ ወርዋሪ ሃያ ካሸነፈ ስሙ ይነሣል። ኮተን ስቴትስ ሊግ ይህን ሰው ነበር በር የዘጋበት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሰበባቸው ነው። እኛ ጥቁር እንጠላለን ብሎ የተናገረ ጥቂት ነው። ሕጉ አይፈቅድም፣ ሰው ይረበሻል፣ ለልጆቹም ደኅንነት እናስባለን፣ ጊዜው ገና ነው፤ ይህን ነው ሲሉ የኖሩት። ቋንቋውን አታውቁትም? እኛስ የምንናገረው ምንድን ነው? የእንግዳው ክለብ ቢመጣ ችግር ይፈጠራል፣ ስለዚህ ባይመጣ ይሻላል እንላለን። ችግሩን የሚፈጥረው ማን ሆኖ ነው? እኛው አይደለንም?

የዚያን ሊግ መጨረሻ ልንገራችሁ። በ1954 ሆት ስፕሪንግስ እንደገና ጥቁር ተጫዋቾች አሰለፈች። ሰማይ አልተደፋም። ዓመት ሙሉ ለስብሰባ፣ ለመግለጫና ለክስ የዳረጋቸው ነገር፣ ሲደረግ ሜዳ ላይ ያለ አንድ ተራ ምሽት ሆነ። ግን መሽቶ ነበር። በ1955 ሊጉ የመጨረሻ ዓመቱን ተጫውቶ ተዘጋ። ዳግመኛም አልተከፈተም።

እዚህ ላይ ሐቁን እንነጋገር። ሊጉን የገደለው ማግለሉ ብቻ ነው አልላችሁም። በዚያ ዘመን የትንንሽ ከተሞች ሊጎች በመላ አሜሪካ ይወድቁ ነበር። በ1949 59 ሊጎች ነበሩ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከእነዚያ የቀሩት ሲሶ ያህሉ ናቸው። ቴሌቪዥን የትልልቆቹን ክለቦች ጨዋታ ሳሎን ድረስ አመጣ። ጂምን በክብር የተቀበለው ማውንቴን ስቴትስ ሊግም በ1954 ፈርሷል። ለእኔ ግን ነገሩን የሚያብሰው ይህ ነው። ደጋፊ እየሸሸ፣ ገቢ እየደረቀ፣ ክለብ ሁሉ በሚጨነቅበት ሰዓት የኮተን ስቴትስ ሰዎች ጉልበታቸውን የጨረሱት ሁለት ወንድማማቾችን ከሜዳ ለማውጣት ነው። ሰው የሚጠራ ተጫዋች አግኝተው ገፉት።

ማግለል ራሱ ገዳይ የሆነበትም አለ። ጎረቤቱ ኢቫንጀሊን ሊግ ሉዊዚያና ውስጥ ነበር። በ1956 ጥቁር ተጫዋቾች ከዚያ ሊግ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱ ተደረገ። አንዱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ ፌሊፔ አሉ የተባለ ወጣት ነበር። ሌክ ቻርልስ ውስጥ ጥቂት ጨዋታ እንኳ አድርጎ ሳይጠግብ ወደ ፍሎሪዳ ሸኙት። ያ ልጅ በኋላ በትልቁ ሊግ ስሙ የገነነ ተጫዋችና አሠልጣኝ ሆነ። የሉዊዚያና ጥቁር ተመልካቾች ደግሞ፣ ለብቻ በተከለለላቸው ወንበር ተቀምጠው ገንዘባቸውን ሲከፍሉ የኖሩት፣ በቃን ብለው ቀሩ። ያለ እነሱ ገንዘብ ሂሳቡ አልሞላም። በ1957 ኢቫንጀሊን ሊግም ተዘጋ።

ወደ ቤታችን እንግባ። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወልድያ ላይ ወልድያና መቐለ ከተማ ሊጫወቱ ነበር። ጨዋታው አልተካሄደም። የሰው ሕይወት ጠፋ። በኳስ ቀን! በዚያው የውድድር ዘመን የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች እርስ በርስ ሲገናኙ በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ ተደረገ። እኛም ተመስገን፣ ነገሩ በረደ ብለን ዝም አልን። ማን ነው ገለልተኛ ሜዳ የሚያስፈልገው? የአንድ አገር ሰው፣ በአንድ ሊግ ውስጥ፣ ያንኑ ዋንጫ ለማግኘት? ያኔ ማፈር ነበረብን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን። ቅጠሉን ያነሣ ግን ጥቂት ነበር።

አንድ ከተማ ብቻ ነጥዬ አልወቅስም። የደጋፊ መዝሙር ውስጥ የሰውን ብሔር እየጠራን የምንሳደበው በየስታዲየሙ ነው። የእንግዳውን አውቶቡስ መስኮት በድንጋይ የሚሰብረው ልጅ የየሰፈራችን ልጅ ነው። አባቱም፣ አሠልጣኙም፣ የደጋፊ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ያውቁታል። ሲያጠፋ አይተው ልጅ ነው ብለው ያልፉታል። ይህ ልጅ ጥላቻውን ከማን ተማረው? ማታ ቤት ከሚሰማው ወሬ ነዋ። የምንገሥጸው እሱን ብቻ ከሆነ ዋሽተናል።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። የትግራይ ክለቦች ለዓመታት ከሊጉ ጠፉ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ፣ ስሑል ሽረ። በ2017 የውድድር ዘመን ተመለሱ። በኳሳችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ በቅርቡ አላየሁም። ሊጉ ከ2013 ወዲህ በተመረጡ ከተሞች ሜዳ ስለሚካሄድ ግን ጥያቄው በደንብ አልደረሰብንም። የእንግዳው ክለብ ወደ እያንዳንዳችን ከተማ ገብቶ፣ ሆቴላችን አድሮ፣ ሜዳችን ላይ ገጥሞ፣ አሸንፎም ቢሆን በሰላም የሚወጣበት ቀን ገና አልመጣም። ይመጣል። ያኔ ምን ልናደርግ ነው?

የደጋፊ ማኅበራት፣ እናንተን ነው። ከዛሬ ጀምሮ መዝሙራችሁን አጥሩት። ብሔር የሚጠራ ስንኝ ካለ አውጡት፤ የሚያወጣችሁ ፌዴሬሽኑ እስኪሆን አትጠብቁ። የክለብ አመራሮች፣ ተጫዋች ስታስፈርሙ ልጁ ከየት ነው ብላችሁ የምትጠይቁበትን ሹክሹክታ ተዉት። እናውቃለን፣ ትጠይቃላችሁ። ሽማግሌዎች፣ በየዕርቁ ቀን ስታዲየም የምትታዩትን ያህል በተራው የግጥሚያ ቀንም ግቡ፤ ልጆቹ እናንተ ካላችሁበት አፋቸውን ይሰበስባሉ። የሬዲዮ ስፖርት አዘጋጆች፣ ነገር የምታሟሙቁትን ተዉን እባካችሁ።

ጂም ተገርሰን ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ በምትገኘው በዊንተር ሄቨን ፖሊስ ሆኖ አገለገለ። ሕዝብ ይጠብቅ ነበር። እሱን ኳስ እንዳይወረውር ድምፅ የሰጡት ሰዎች ግን እንደ ሊግ የሚታወሱት በዚያ ፎርፌ ነው። በሃምሳ ዓመት ውስጥ እየፈረሱ እየተነሡ የተጫወቱትን ጨዋታ፣ የወሰዱትን ዋንጫ የሚያነሣላቸው የለም። እኛስ፣ የከተማችን ክለብ ስም ሲጠራ ልጆቻችን ምን እንዲያስታውሱ ነው የምንፈልገው? ተጠያቂ ነንና በየክለባችን ስብሰባ ላይ ተነሥተን እንናገር፤ የዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አጀንዳ አድርጋችሁ አስይዙት።