ዳሎኔጋ ካሊፎርኒያን ትቀድማለች

ወንድሜ፣ አትላንታ ያለነው ሐበሾች ቅዳሜና እሁድ ሰሜን ጆርጂያ ወዳለችው ከተማ ወደ ዳሎኔጋ ብቅ እንድንል መምከርህ ደስ ብሎኛል። «የአሜሪካ የወርቅ ፍለጋ በ1849 ካሊፎርኒያ ተጀመረ፤ ዳሎኔጋ ያንን አይታ የተከተለች ናት» ያልከው ግን ልክ አይደለም። ብዙ ሰው የሚለው ስለሆነ ነው ማረሜ።

ሰሜን ጆርጂያን ወርቅ ፈላጊ ያጥለቀለቃት በ1829 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የካሊፎርኒያው ወርቅ በ1848 ሲገኝ፣ ዳሎኔጋ የነበረው የመንግሥት ሳንቲም መምቻ ቤት የወርቅ ሳንቲም መምታት ከጀመረ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ሰሜን ካሮላይና ደግሞ ሁለቱንም ትቀድማለች። በ1799 አንድ ልጅ እዚያ ከጅረት ያወጣው ትልቅ የወርቅ ድንጋይ፣ ምንነቱ ሳይታወቅ ለሦስት ዓመት ያህል የቤታቸው በር መደገፊያ ሆኖ ኖሯል!

ስትሄዱ አደባባዩ መሃል ያለውን የድሮ ፍርድ ቤት እንዳታልፉት። በ1836 የተሠራ ነው፣ አሁን የወርቅ ሙዚየም ሆኗል። ጡቦቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ከአካባቢው አፈር ስለተሠሩ የወርቅ ብናኝ አለባቸው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልጨምር። የከተማዋ ስም «ቢጫ» ከሚለው የቼሮኪ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) ቃል የመጣ ነው። መሬቱ የቼሮኪዎች ነበር። የሳንቲም መምቻ ቤቱ በተከፈተበት በዚያው በ1838 በወታደር ተገደው ከአገራቸው ተነቀሉ፤ በመንገድ ላይም ሺዎች አለቁ። ልጆቻችሁ ሳህን ይዘው አሸዋውን በውሃ እያንገዋለሉ ወርቅ ሲፈልጉ፣ ይህንንም ንገሯቸው።