በሴፍቲኔት ሰልፍ ላይ ዝም ላልነው

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በ2012 ዓ.ም. በዚያ የክፍያ ቀን የአንዲት እናት ብር ሲቆረስ በቀበሌው ግቢ ለነበራችሁት፣ በየቀበሌያችሁም እንዲሁ ቆማችሁ ላያችሁት ሁሉ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ኮሮና አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን ተነገረ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንግሥት ያን ጊዜ አንድ መልካም ነገር አድርጎ ነበር። ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለባቸው የገጠር ቤተሰቦች በሥራ ወይም ያለሥራ ድጋፍ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ ተጠቃሚዎቹ ለእርከን ሥራ እንዳይሰበሰቡ የጉልበት ግዴታውን አንሥቶ፣ የ3 ወሩ ክፍያ ባንድ ጊዜ እንዲሰጣቸው ወሰነ።

እኒያ እናት ድሮም ከሥራው ነፃ ነበሩ፤ ጧሪ የሌላቸው፣ የሙት ልጅ የሚያሳድጉ፣ በቀጥታ ድጋፍ የተመዘገቡ። ተራቸው ደረሰና ብሩ ተቆጠረ። ሙሉውን ተቀብያለሁ ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ከዚያ ብሩ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ይቀነስ ጀመር። የሟች ባላቸው የማዳበሪያ ዕዳ። የመሬት ግብር። ለምን እንደሆነ እስካሁን ያልገባኝ መዋጮ። «እማማ፣ የ3 ወር ተደርቦ መጥቶልዎት የለ? ምን ያንስዎታል?» አላቸው ከፋዩ። የተረፈው የ1 ወሩን አይሞላም። «እህል ልሸምትበት ነበር» አሉ፣ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከኋላ «ያልሠሩበት ብር!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅም ተከተለው።

እኛ በሽታው እንዳይተላለፍብን በኖራ ምልክት ላይ ተራርቀን ቆመናል። አፋችንን ግን የዘጋው በሽታው አልነበረም። ሁላችንም በሚቀጥለው ምዝገባ ስማችን እንዳይሰረዝ ፈርተን ነው።

እናንተ ሰዎች፣ የዚያች እናት ላም ብትነዳ እሪ ብላችሁ ሌባውን እስከ ወንዝ ማዶ ታሳድዱት ነበር። ዕርዳታ ሲሆን የማንም አይደለም ብላችሁ እንዴት አመናችሁ? በኮሮናው ወራት በገጠር ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ምግብ የማጣት ዕድል በ11.7 መቶኛ ነጥብ ጨምሮ እንደነበር፣ በሴፍቲኔት በታቀፉት ቤቶች ግን ጭማሪው 2.4 ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ያ ብር ጎታ ባዶ እንዳይቀር ያደርግ ነበር ማለት ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቆረሰውም ይኸው ነው። እናታችን ያን ክረምት በአራጣ እህል ገፉት፤ መኸር ሲደርስ ከሚበሉት የሚከፍሉት በለጠ። ሳስበው ንዴቴ ይበርድና ኀዘን ብቻ ይቀርብኛል።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ለሴፍቲኔት የተመረጡት ተጠቃሚዎች ስምም በአደባባይ ይለጠፋል። ኮሚቴው የሊቀ መንበሩ ዘመዶች ናቸው ትሉኛላችሁ። በብዙ ቦታ እውነታችሁን ነው፤ አቤት ያለ ሰውም ሲመላለስ ከርሞ እንደሚተወው አይቻለሁ።

ስለዚህ ትልቅ ነገር አልለምናችሁም። ማንበብ የሚችል ልጅ ያላችሁ፣ በክፍያ ቀን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁም ቢሆን ከአንድ አረጋዊ ጎን አቁሙት። ጣታቸው ቀለም ሳይነካ በፊት በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው፤ በእጃቸው የገባውንም እዚያው ይቁጠርላቸው። ከጎደለ ከሰልፉ አንድ ሰው «ሙሉውን ስጧቸው» ይበል። ሁለተኛ ሰው ሊከተለው ይችላል። ደክሞኛል፣ ግን ይህን ያህሉን ከናንተ አሁንም እጠብቃለሁ።