ለሙዚቃ ቴአትር ተመራቂ የአንድ ዓመት ቀጠሮ አትቁረጡ

ሰሞኑን በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚደመጥ አንድ የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራም ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ በሙዚቃ ቴአትር የተመረቀች ልጅ ላላቸው ወላጆች ምክር ሰጡ። አንድ ዓመት ስጧት፤ በዓመቱ ብሮድዌይ ካልገባች ተሰጥኦ የላትም ማለት ነውና ወደ ነርሲንግ መልሷት አሉ። አዘጋጁም ተስማምቶ አለፈ። ይህ ምክር ሥራውን ከማያውቅ ሰው የመጣ ነው፤ የሚከፍሉበት ግን ልጆቻችን ናቸው።

ተሰጥኦ ቢኖራት ይታይ ነበር የሚለውን ልያዝ። የት ነው የሚታየው? ኢኩዊቲ የሚባለው የተዋንያን ማኅበር አባል ያልሆነች ልጅ ለክፍት ኦዲሽን፣ ማለትም ለተዋንያን መምረጫ ፈተና፣ ሚድታውን ማንሃተን ካለ ስቱዲዮ ደጃፍ ሳይነጋ ደርሳ ስሟን ታስጽፋለች። መጀመሪያ አባላት ይገባሉ፣ ቀጥሎ የአባልነት እጩዎች፣ ጊዜ ከተረፈ ሌላው ሰው። ሲጨናነቅ አይተርፍም፤ ቀኑን ሙሉ ጠብቃ ሳትዘፍን ትመለሳለች። ከገባችም የምትዘፍነው 16 ባር፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ማንም ያልሰማውን ድምፅ ችሎታ የለውም ብሎ መፍረድ ግፍ ነው።

ደግሞስ አንድ ዓመት የሚባለው ከየት እስከ የት ነው? ልጅቷ ሜይ ላይ ትመረቃለች። ያኔ የበጋ ቴአትሮች ተዋንያናቸውን መርጠው ጨርሰዋል። ዋናው የኦዲሽን ወቅት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው፤ ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ የምታገኘው አንድ ወቅት ብቻ ነው። በዚያ ወቅት ተመርጣ የበጋ ሥራ ብታገኝ ልምምዱ የሚጀመረው ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን ላይ ነው። ቀጠሮው ያለቀው እኮ ሜይ ላይ ነው! ሥራው በሩ ላይ ቆሞ ልጅቷን ነርሲንግ እናስመዘግባታለን። በአባልነት እጩነት በኩል ኢኩዊቲ ልግባ ካለችም 25 የሥራ ሳምንት መሙላት አለባት። አንድ የበጋ ቴአትር አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሳምንት ይሰጣታል፤ ሳምንቱን ለእጩነት የማይቆጥሩ ቴአትሮችም ሞልተዋል። ይህ ቢያንስ ሦስት በጋ ነው፤ ጎበዟም ብትሆን። ሐኪም ተመርቆ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ ሲሠራ ገና አልተሳካለትም የሚል ወላጅ አላውቅም። ለአንዱ ሥልጠና ያልነውን ለሌላው ውድቀት የምንለው ለምንድን ነው?

ተመርቃ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆነች የሚለው ሐሜትም ይብቃ። የማታ ፈረቃ የሚመረጠው ኦዲሽን በቀን ስለሆነ፣ ድንገት ሲጠሯትም ከባልደረባ ጋር ቀን መቀያየር ስለሚቻል ነው።

የተማሪ ብድር ከባድ መሆኑን አልክድም። የፌዴራሉ ብድር ከምረቃ ስድስት ወር በኋላ ክፍያው ይጀምራል። ታዲያ መፍትሔው ልጅቷን ቸኩሎ ኒው ዮርክ መላክ አይደለም። እዚያ አከራዮች በአብዛኛው የወር ኪራዩን 40 እጥፍ የዓመት ገቢ ይጠይቃሉ፤ ለ2,500 ዶላር ቤት 100,000 ዶላር ማለት ነው። ዋስ የሚሆነው ወላጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ 80 እጥፉን ማሳየት አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ያለ ቤተሰብ ግን በቅርቡ አርሊንግተን ውስጥ ሲግኒቸር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኦልኒ፣ ዲሲ ውስጥ አሬና ስቴጅና ፎርድስ የሚባሉ ቴአትር ቤቶች አሉለት። ልጅቷ እቤት ሆና እዚሁ ትፈተን፣ ለዋናው ወቅት ኒው ዮርክ በአውቶቡስ ትመላለስ። 26 ዓመት እስኪሞላት በወላጅ የጤና ኢንሹራንስ መቆየትም ትችላለች።

ቤተሰብ በእውነት መርዳት ከፈለገ ሥራ አለለት። ዛሬ ብዙ ኦዲሽን የሚጀመረው በቪዲዮ ነው። ወጥ ቀለም ያለው ግድግዳ፣ በዓይን ቁመት አግድም የቆመ ስልክ፣ ከፊት በግራና በቀኝ መብራት። ሙዚቃው ከሌላ ስፒከር ይውጣ፣ ከድምፁም በላይ አይጩህ። ልጅቷ ሁለት ሜትር ያህል ትራቅ፤ ስልኩ ከቀረባት ከፍ ያለው ኖታ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። ለዚያች ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ብሌንደሩም ዝም ይበል። የኖታ ደብተሯንም ተቀምጣችሁ አብራችሁ አገላብጡ፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የገጹ ግርጌ ተቆርጦ ኦዲሽኑ ላይ የሚያጅባት ፒያኒስት በግራ እጁ የሚጫወተው መስመር ይጠፋል፤ ፒያኒስቱ ደግሞ ያን ወረቀት የሚያየው ገና ያኔ ነው። የምትጀምርበትና የምታቆምበት ቦታ በጉልህ ምልክት ይደረግበት። ፍጥነቱን ስትነግረው አንድ ሁለት ባር በለሆሳስ ትዝፈንለት፤ ጣት ማጮህ ያስቀይመዋል።

ቀጠሮ የግድ ካስፈለገ በጃንዋሪ ይቆጠር፤ ሦስት ጃንዋሪ። በየዓመቱ መጨረሻም ስንት ሳምንት እንደሞላች፣ ስንት ቦታ ለሁለተኛ ዙር እንደተጠራች ትጠየቅ።