ይድረስ ለጓሮዬ ሴፕቲክ ታንክ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሽታዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት የዋሉልኝን ውለታ መቼም አልረሳውም። ለታናሽ እህቴ ሽማግሌ የመጣባት ቀን ነው። ሶስት አባቶች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከለንደን ሶስት ሰዓት ተነድቶላቸው እዚህ የእንግሊዝ ገጠር ድረስ መጡ። እርስዎ ደግሞ ሶስት ሳምንት ሙሉ ዝናብ ሲጠጡ ሰንብተው እስከ አንገትዎ ጠግበዋል። ልክ ትልቁ አባት ብድግ ብለው "ልጃችሁን ለልጃችን..." ሲሉ ከሻወር ቤት ጉልግልግልግል! ሁሉም ሰው የራሱን ሆድ ያየ መሰለኝ። እናቴ ቶሎ ብላ ዕጣን ጨመረች፣ ዕጣንና እርስዎ አንድ ላይ ሲጨሱ ምን እንደሚሆን ያልሸተተው ፈጣሪውን ያመስግን። አንደኛው አባት መጀመሪያውኑ ሽንት ቤት ገብተው ነበር፣ ሲወጡ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል፣ ጫማቸው በእጃቸው ነው፣ ካልሲያቸው የለም። ካልሲው የት እንደሄደ እስከዛሬ አልጠየቅኩም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር እኮ። "ቤታችሁ ሰፊ ነው" ብለው ቁጭ አሉ። ከዛ በኋላ ቡናው ቶና ሳይደርስ ሽማግሌ በየተራ እየጫንኩ አራት ማይል ርቆ ያለ ማደያ ሽንት ቤት ሳመላልስ ዋልኩ።

እነሱ የኛን ዘር ሲቆጥሩ እኔ የእርስዎን ቆጠርኩ። አያትዎ ጓሮው ጫፍ ያለችው የጡብ ጎጆ ናት፣ ሁለት ቀዳዳ ያላት ሳንቃ፣ ከስሯ ባልዲ። ጎረቤቴ አዛውንቱ እንደሚሉኝ አያታቸው ባልዲውን ማታ ማታ አትክልት ቦታው ውስጥ ይቀብሩት ነበር፣ ድንቹም ያምር ነበር አሉ። በአጎት በኩል ደግሞ የቄስ ዘር አለብዎት፣ ሄንሪ ሙል የሚባሉ የዶርሴት ቄስ በፈረንጆቹ 1860 ፓተንት ያወጡበት፣ በውሃ ፋንታ ደረቅ አፈር የሚለቅ ሽንት ቤት። ለእርስዎ ለራስዎ ስም ያወጣልዎ የኤክሰተር ከተማው ዶናልድ ካሜሮን ነው፣ 1895 አካባቢ። ዝቃጩ ከታች፣ ቅባቱ ከላይ፣ የመሃሉ ውሃ ወደ አፈሩ። አፈሩ ራሱ ውሃ ሲጠግብስ? ወደ ሽማግሌ!

ግን ዘመዶችዎን ሳጣራ ሳቄ ጠፋ። መንግስት በ1898 የፍሳሽ ኮሚሽን አቋቁሞ እስከ 1915 ተሰበሰበ፣ 17 ዓመት! በ1912 ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ፍሳሽ በሊትር ከ30 ሚሊግራም በላይ ያልሟሟ ደቃቅ ቆሻሻ አይኑረው ብሎ መከረ። ጥሩ፣ ለወንዙ ታሰበለት። ገጠር ያለችው ሴትዮ ግን ባልዲዋን ይዛ ቀረች። በ1894 የተቋቋሙት የገጠር ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) የፍሳሽ መስመር እንዘርጋ ሲባል ግብር ከፋዩ ወጪው በዛ ይላል፣ ባለመሬቱ ይቆይ ይላል፣ ሐኪሙ ሪፖርት ይጽፋል፣ ሪፖርቱ መሳቢያ ይገባል፣ ጎጆ የተከራየው ምስኪን ደግሞ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ከተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ለልጁ ያጠጣል፣ ልጁ በታይፎይድ ይሞታል። ወጪው በዛ! የማን ወጪ? ከመቶ ዓመት በኋላም ያው "ወጪው በዛ" ነው እኮ የሚሉን! አንተም እዛች ጉድጓድህ ውስጥ ተጎልተህ የነሱን ስንፍና ትሸፍናለህ!

ይቅርታ፣ አንተ አልኩዎት።

ከቅዳሜ ወዲያ ያለውን ያውቁታል። ውሃ ድርጅቱ 40 ደቂቃ ሙዚቃ አስደምጦኝ "እኛ መስመር ላይ የላችሁም" አለ፣ ካውንስሉ "የግል ነው፣ ፎርም ሙላ" አለ፣ ፎርሙ የሌለኝን የፍሳሽ አካውንት ቁጥር ይጠይቃል፣ ባዶ ብተወው ቀይ ይሆናል፣ ዜሮ ባስገባ ቀይ ይሆናል። አከራዬ "ኮንትራቱን አንብብ" አለ።

አነበብኩት። እርስዎን ማስመጠጥ የኔ ነው።

መጣጭ መኪናው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ "ባለው ጊዜ" ይመጣል ተብሏል። ሽማግሌዎቹ ለመልሱ እሁድ ይመጣሉ። ለማንኛውም የአያትዎን ጎጆ አካፋውንና ብስክሌቱን አውጥቼ ጠርጌዋለሁ፣ ባልዲም ገዝቻለሁ። ቀዳዳው ሁለት ነው፣ አባቶች ሶስት ናቸው፣ አንዱ ተራ ይጠብቃል።