ግንቡን ለቀቅ፣ ግጥሙን ጠበቅ

ጎንደር ላይ የተቀረጸ ክሊፕ እንዴት እንደሚጀምር ታውቁታላችሁ። ድሮኑ ከፋሲል ግንብ ጀርባ ቀስ ብሎ ይነሳል። ክብ ክብ ማማዎቹ ይታያሉ። ዘፋኙ ነጭ በነጭ ለብሶ በበሩ ብቅ ይላል፣ ተወዛዋዦቹ ይከተላሉ። ዘፈኑ የፍቅር ይሁን፣ የእናት ይሁን፣ የስደት ይሁን፣ ግንቡ ያው ነው።

ግንቡን ጠልቼ አይደለም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሯትን ከተማ የሚወድ ሰው ያን ግንብ እንዴት ይጠላል? ዩኔስኮ እንኳን እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ግጥሙ ጥላው ስለሄደች ልጅ እያለቀሰ፣ ምስሉ ለምን የቱሪዝም ማስታወቂያ ይሠራል?

በሌላ በኩል ደግሞ ግጥሙን ቃል በቃል የሚያሳዩ አሉ። «ደወልኩልሽ» ሲል ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። «ልቤ» ሲል ደረቱን ይመታል። «ዝናቡ» ሲል አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በጎማ ውሃ ይረጭበታል። (ከኋላ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፣ ማን ልብ ይላል?) እኛ እኮ ቃሉን ሰምተነዋል። ጆሮ የጨረሰውን ሥራ ዓይን ለምን ይደግመዋል?

አንድሪው ጉድዊን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ ጉዳይ ጽፏል። እንደሱ አባባል የክሊፕ ምስል ከዘፈኑ ጋር ያለው ግንኙነት ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ዘፈኑ ያለውን እንዳለ ያሳያል። አንዳንዱ ዘፈኑ ያላለውን ይጨምርበታል። ሌላው ደግሞ ከዘፈኑ ጋር ጭራሽ አይተዋወቅም። የኛዎቹ አብዛኞቹ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ይመላለሳሉ። ያልተባለውን የሚጨምር ክሊፕ ብርቅ ነው። የሚገርመኝ ይህ ሙያ ለጎንደር አዲስ አለመሆኑ ነው።

አዝማሪ ቤት ግቡና እዩ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይዞራል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይላል። ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ቃሉን ብቻ ብትሰሙት የዋህ ነው፤ ስለ በሬ ነው፣ ስለ ጠላ ነው፣ ስለ ክረምት ነው። ግን አዝማሪው ማንን እያየ ነው ያዜመው? ማሲንቆውን ወደማን አዞረ? ቅንድቡን የቱ ቃል ላይ ነሳ? የበሬው ነገር ጥግ ላይ ለተቀመጠው ሰውዬ መሆኑ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ሰምና ወርቅ ሲባል ሁልጊዜ ቃሉን ስንፈታ እንውላለን። አዝማሪ ቤት ውስጥ ግን ወርቁ አብዛኛውን ጊዜ ቅንድብ ላይ ነው።

ከዚያ ሰውዬውን እዩት። ይስቃል። ወይም ያልሰማ መስሎ ብርሌውን ያነሳል። ወይም ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፍና «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይመልሳል። ስንኙ የሚያልቀው እዚያ ሰውዬ ፊት ላይ ነው። ታዲያ ስንቱ ክሊፕ ነው አዝማሪ ቤት እየመሰለ የተቀረጸው? አግዳሚው አለ፣ ማሲንቆው አለ፣ ብርሌው አለ። ታዳሚው ግን ሁሉም እኩል ያጨበጭባል፣ ሁሉም እኩል ፈገግ ይላል። የተነካ ሰው የለም። ዳይሬክተሩ ካሜራውን ከዘፋኙ ላይ ለሦስት ሴኮንድ አንስቶ የሚሸማቀቅ አንድ ሰው ቢያሳየን ግጥሙ ሌላ ግጥም ይሆን ነበር።

የድሮ ሠዓሊዎቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኖቹ ያያል። ክፉው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ታሪኩን የማያውቅ ሕፃን እንኳን ከማን ወገን መቆም እንዳለበት ይለያል። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያየ ሰው ደግሞ ዓይን ብቻውን ምን ያህል እንደሚናገር አይጠፋውም። ቤተ መቅደስ ውስጥ ክሊፕ ቅረጹ እያልኩ አይደለም፣ ይቅር ይበለን። ዘዴው ግን የኛው ነው። ግጥሙ «ወዳጄ» እያለ ዝም ብሎ የሚያወድሰውን ሰው ካሜራው ከጎኑ ብቻ ቢያሳየን፣ ሳይነገረን እንጠረጥረዋለን።

ቦታ ይመረጥ ከተባለም ከተማዋ ሞልቷታል። የፋሲለደስን መዋኛ ውሰዱ። ክሊፕ ላይ የምናየው በጥምቀት ነው፤ ውሃው ሞልቶ፣ ወጣቱ እየዘለለ፣ ሕዝቡ ጢም ብሎ። ዓመቱን አብዛኛውን ግን ገንዳው ደረቅ ነው። ውሃ ከቀሃ ወንዝ የሚገባለት ለበዓሉ ነው። ባዶውን ጊዜ ሄዳችሁ እዩት። ደረጃው የትም ሳያደርስ ወደ ደረቁ መሬት ይወርዳል። ዙሪያውን ያሉት ዛፎች ሥራቸውን በግንቡ አጥር ላይ አውርደው ድንጋዩን ጥርቅም አድርገው ይዘውታል። የትዝታ ዘፈን ይዛችሁ እዚያ ብትቆሙ ስለ ትዝታ አንድም ነገር ማሳየት አያስፈልጋችሁም። «ቆይታለች» የሚለውን ቃል ያ ሥር ይለዋል። በጥምቀቱ ሆታ መሀል ግን ያው ትዝታ ሰሚ አያገኝም።

ፒያሳም አለ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራው ፖስታ ቤት አለ። የስደት ዘፈን የግድ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የግድ ሻንጣ ካላየ አይሆንለትም? ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ስልኳን እያየች የተቀመጠች እናት ትበቃኛለች።

ስለ እስክስታ ሳልናገር ባልፍ ያመኛል። የጎንደር እስክስታ ትከሻና አንገት ነው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ያዝ ይደረጋል፣ እንደገና ይለቀቃል። ያቺ ያዝ የምትደረግበት ቅጽበት ከግጥሙ ጋር ናት፤ ዘፋኙ ስንኙን ሊደፋ ሲል ተወዛዋዡ ትንፋሹን ይይዛል። ኤዲተሩ ግን ምቱን ተከትሎ በየሴኮንዱ ይቆርጣታል። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ከእግር። ከእግር! እስክስታን ከእግር የሚቀርጽ ሰው ምን እንደሚፈልግ እስካሁን አልገባኝም። ካሜራው ከወገብ በላይ ይዞ፣ አንድ ሙሉ አዝማች ሳይቆርጥ ቢቆይ ምን ይጎዳል?

ሌላው በፕሌይባክ መቅረጽ ነው። ዘፈኑ ስቱዲዮ ተቀድቶ አልቋል፤ ቀረጻው ቦታ ላይ በስፒከር ይለቀቅና ዘፋኙ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ይህ የትም አገር ያለ አሠራር ነው፣ ችግር የለውም። ምስሉ ዝግ ብሎ ከንፈሩ ከቃሉ ጋር እንዲሄድ ከተፈለገ ደግሞ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ለቅቆ በዚያው ልክ በፍጥነት መቅረጽ፣ ከዚያ ምስሉን ማዘግየት ነው። ብልሃቱ ቆየ። የማይሆነው ቀረርቶ በከንፈር ብቻ ሲባል ነው። ድምፁ ተራራ ያናውጣል፣ የአንገቱ ደም ሥር ግን አልተገተረም። ዓይን ይህን ወዲያው ያውቃል። በስፒከሩ ላይ ደርቦ በራሱ ድምፅ እንዲጮህ ማድረግ ምንም አያስከፍልም።

ስለ ወጪ የሚያነሳ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «አንተ ጽሑፍ ላይ ቁጭ ብለህ ታወራለህ፣ እኛ በአንድ ቀን ቀረጻ፣ በሁለት ልብስ ቅያሪ ነው የምንጨርሰው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ፕሮዲውሰሩም ድሮን ካላየ ብሩ የት እንደገባ አይታየውም። ዲያስፖራው ደግሞ ግንቡን ሲያይ ሆዱ ይባባል፣ ቪው ይገኛል። ግን አብዛኛው ሰው ክሊፕ የሚያየው በስልክ ነው። ከሰማይ የተቀረጸው ያ ግዙፍ ግንብ ስልክ ላይ አውራ ጣት አያክልም። የሰው ፊት ግን ስልክም ላይ ፊት ነው። ከድሮን ኪራይም ይረክሳል።

ለዳይሬክተሮቻችን አንድ ጥያቄ ብቻ አለችኝ። ግጥሙን የጻፈው ሰው ቀረጻው ላይ ተጠርቶ ያውቃል? ሜካፕ ሠሪዋ አለች፣ መኪና ያዋሰው ጓደኛ አለ፣ ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ አለ። ገጣሚው ክሊፑን እንደማንኛችንም ዩቲዩብ ላይ ነው የሚያየው። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ማኪያቶ ጥሩትና «ይቺን ስንኝ ስትጽፍ ማንን እያሰብክ ነበር?» በሉት። መልሱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ትዕይንት ይገኛል፣ ምናልባትም ከግንቡ በጣም ርቆ፣ አዘዞ መንገድ ላይ።