የእስረኛ ጉልበት በነጻ ሲገኝ

"እስረኛን ዝም ብሎ ከመቀለብ መንገድ ቢያሠሩት ምን አለበት?" አለኝ አንድ ወዳጄ፣ ቡና እየጠጣን። አገር ቤት እያለሁ እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ አትላንታ ስኖር ሐሳቤ ተለወጠ።

በዚህ ከተማ ድሮ የተሠሩ ብዙ ሕንፃዎችና የእግረኛ መንገዶች ጡባቸው የመጣው ቻታሁቺ ወንዝ ዳር ከነበረ ፋብሪካ ነው። ባለቤቱ ጄምስ ኢንግሊሽ የአትላንታ ከንቲባ የነበረ ሰው ነው። ጡብ የሚሠሩለት ከጆርጂያ መንግሥት የተከራያቸው እስረኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች። የዘገየ ይገረፋል። እ.ኤ.አ. በ1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን ሲከለክል፣ በወንጀል የተቀጣን ሰው ለይቶ አስቀርቷል። በዚያች ቀዳዳ ስንቱ ገባ! "ሥራ ፈት ነህ" ተብሎ እንኳ ይታሰር ነበር። መንግሥት ከእስረኛ ገንዘብ ማግኘት ከጀመረ የሚታሰር ሰው አያጣም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ኪራዩ በ1908 ቀረ። ከዚያ ደግሞ በሰንሰለት እያሰሩ መንገድ አሠሯቸው። ዛሬ ሰንሰለቱ የለም፤ ጆርጂያ ግን አብዛኛውን እስረኛ አሁንም ያለ ክፍያ ነው የምታሠራው። ወደ ሥራ ስነዳ መንገድ ዳር ሣር ሲያጭዱ አያቸዋለሁ። ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ ሱሪው ጎን ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። በሐምሌ ሙቀት ላባቸው ጀርባቸው ላይ ታትሞ ይታያል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ እሳት የሚያጠፉ እስረኞች አሉ፤ በፈቃዳቸው ነው የሚገቡት። በ2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል ከ1,000 በላይ ወጥተዋል። የቀን ክፍያቸው ቢበዛ 10.24 ዶላር ነበር፤ እሳት ላይ ሲሆኑ በሰዓት 1 ዶላር ይጨመርላቸው ነበር። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ እሳት ላይ ሲሆኑ ክፍያቸው በሰዓት 7.25 ዶላር ሆነ። ትንሽ ነው፤ ግን ደመወዝ ነው።

ለወዳጄ የኛንም ሕገ መንግሥት አነሳሁለት። አንቀጽ 18 የግዴታ ሥራን ይከለክላል። ታራሚ በእስር ላይ እያለ በተለምዶ የሚሠራውን ሥራ ግን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። ቀዳዳው እኛም ጋ አለ። ስለዚህ እስረኛ ለመንገድም ለግድብም ይሰለፍ ሲባል ሦስት ነገር መጠየቅ አለብን፦ ፈቅዶ ነው? ስንት ይከፈለዋል? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል?

ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ ሰፌድ ተሰቅሏል። የሠራው እስረኛ ነው። እናቴ ከማረሚያ ቤቱ በር ላይ ገዝታ ላከችልኝ። ገበያ ላይ ሳንቲም የማትለቅ ሴት፣ ብሩ ለሠሪው እንደሚደርስ ስለነገሯት የዚያን ቀን ዋጋ አልተከራከረችም።